በጤና መዝገብ ውስጥ ትራንስጀንደር ታካሚዎችን ለምርምር እንዴት እንለያለን? ከደሴ ሆኖ ለሚሠራ ሰው

ባለፈው ክረምት ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ተማሪ አገኘኝ። ደሴ ዝናቡ ሲጥል የት ይኬዳል፤ ቁጭ ብለን አወራን። ሁለተኛ ዲግሪውን በጤና ኢንፎርማቲክስ እየሠራ ነው። አሜሪካ ካለ የምርምር ቡድን ጋር በኦንላይን የሚሠራው ሥራ አግኝቷል።

«ጋሼ፣ የብዙ መቶ ሺህ ታካሚ ዳታ ከፈቱልኝ። ከዚህ ውስጥ ትራንስጀንደር የሆኑትን ለይልን አሉኝ። ፆታ የሚለው ዓምድ ላይ ያለው ወንድና ሴት ብቻ ነው። ከየት ነው የማመጣቸው?»

«አብሽር» አልኩት። «ካርድ ክፍል ሠርተህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። እኔ ግን ካርድ ክፍል ውስጥ አቧራ በልቻለሁ። መዝገብ እንዴት እንደሚዋሽ የተማርኩት እዚያ ነው። ከታች ያለው በዚያን ዕለት በደብተሩ ላይ የሞነጫጨርኩለት ነው። ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከፊት ላስቀምጥ። ይህ አሠራር ሕጉም የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ለሚፈቅዱበት አገር ዳታ ነው። ስምና አድራሻ ለተነሣለት ዳታ ነው። እኛ ሰፈር መደርደሪያ ላይ ላሉት ካርዶች አይደለም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

1. ማንን እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ትራንስጀንደር የምንለው ሲወለድ የተመዘገበለት ፆታና ራሱን የሚያውቅበት ፆታ የማይገጥም ሰው ነው። ከተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ጋር አንድ አይደለም። የፆታ አካላቸው ከተፈጥሮ ለመለየት ከሚያስቸግር ሰዎች ጋርም አንድ አይደለም። ይህን ካላጠራችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ዳታው ውስጥ ሦስቱ ተደባልቀው ታገኟቸዋላችሁ።

ቀጥሎ ጥያቄያችሁ ምንድን ነው? ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) የሚወስዱ ሰዎች ላይ የደም መርጋት ስጋትን ለማየት ከሆነ፣ የምትፈልጉት ሆርሞን የሚወስዱትን ብቻ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የሚያመልጣቸውን ለማየት ከሆነ ደግሞ፣ መዝገቡ ላይ ወንድ ተብለው ማህፀን ያላቸውን ነው። ሆርሞን ወሰዱም አልወሰዱም። «ሁሉንም» የሚል መልስ አትስጡ። ሁሉንም አታገኟቸውም። መዝገብ ውስጥ የሚታየው ለሐኪሙ የተናገረ ሰው ብቻ ነው። ያልተናገረው፣ ወይም ተናግሮ ያልተጻፈለት፣ እዚያው አለ፤ ግን አይታያችሁም።

2. የፆታው ዓምድ ከየት እንደመጣ ጠይቁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ካርድ ክፍል ሳለሁ «አያልነሽ» የሚል ስም ያለበት፣ ፆታው ግን «ወ» የሆነ ካርድ ገጠመኝ። አጠገቤ ለምትሠራው ትልቅ ሴት አሳየኋት። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አውርዳ አየችውና ሳቀች። «ይሄ አያልነህ ነው፤ ልጄ። ‹ህ›ን ‹ሽ› ብለው ነው» አለችኝ። አንዲት ፊደል! በእኛ ቋንቋ አየለና አየለች፣ አያልነህና አያልነሽ በመጨረሻዋ ፊደል ነው የሚለያዩት። የቸኮለ እጅ ሰውን ከወንድ ወደ ሴት ያሻግራል። ደስታን፣ ሰላምን፣ ምሕረትን ደግሞ ስማቸውን ብቻ ዓይታችሁ ምን ልትሉ ነው?

የውጭውም ዳታ ከዚህ አይለይም። ፆታው አንድ ጊዜ «ወንድ» አንድ ጊዜ «ሴት» ሆኖ ስታዩት «አገኘሁት!» አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊ ስህተት ነው። ወይም የእናትና የአራስ ልጅ መዝገብ ተደባልቆ ነው። ወይም የሁለት ሰው ካርድ በአንድ ቁጥር ተከፍቶ ነው።

ተቃራኒውም አለ። እንግሊዝ አገር አንድ ሰው በጤና አገልግሎቱ መዝገብ ላይ ፆታውን ሲያስቀይር አዲስ የታካሚ ቁጥር ሲሰጠው ኖሯል። እናንተ አሮጌውን ቁጥር ተከትላችሁ ስትሄዱ ሰውየው ድንገት ይጠፋባችኋል። አዲሱን ስትከተሉ ደግሞ ትናንት የተወለደ ይመስላችኋል። ከዚህም የባሰ ጣጣ አለ። ማህፀን ያለው ሰው «ወንድ» ተብሎ ሲመዘገብ ለማህፀን በር ምርመራ በራሱ የሚላከው ጥሪ ይቀርበታል።

ዳታው ውስጥ «ሲወለዱ የተመዘገበው ፆታ» እና «አሁን ራስዎን የሚያውቁበት ፆታ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ካሉ ዕድለኛ ናችሁ። ሰውየው በራሱ አንደበት የሰጠው መልስ እናንተ ከኮድና ከመድኃኒት ከምትገምቱት ሁሉ ይበልጣል። ከእሱ ጀምሩ። ችግሩ ዓምዱ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ማለት ደግሞ «አይደለም» ማለት አይደለም፤ «አልተጠየቀም» ማለት ሊሆን ይችላል።

3. የበሽታ መለያ ኮዶችን ሰብስቡ

በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛ እትም መለያ ውስጥ የምትፈልጉት «ኤፍ64» ሥር ያሉትን ነው። አሜሪካ ወደዚህ እትም የዞረችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዳታ በ9ኛው እትም ስለሆነ 302.5፣ 302.6 እና 302.85 የሚሉትንም ጨምሩ። ይህን ሳያውቁ ሠርተው «ከ2015 ወዲህ ቁጥሩ ጨመረ» ብለው የሚጽፉ አሉ። የጨመረው ሰው ይሁን የተቀየረው ደብተር መጀመሪያ መለየት አለበት።

11ኛው እትም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በእሱ ውስጥ ጉዳዩ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቶ ከፆታዊ ጤና ጋር ወደሚገናኝ ምዕራፍ ሄዷል፤ ኮዱም «ኤችኤ60» ሆኗል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 በመመሪያው ላይ ስያሜውን ቀይሯል። ስለዚህ ዳታችሁ አሥር ዓመት የሚሸፍን ከሆነ አንድን ነገር በሦስት በአራት ስም ልትፈልጉት ነው።

አንድ ኮድ ግን ለብቻው ላንሳ፤ «ኢ34.9»። ትርጉሙ በደፈናው «ያልተገለጸ የሆርሞን መዛባት» ነው። ሐኪሞች ሆርሞን ሲያዙ ታካሚውን ላለማጋለጥ ወይም ኢንሹራንሱ እንዳይከለክል ይህን የሚጽፉበት ጊዜ አለ። የሚገርም አይደለም። እኛስ ኤች አይ ቪን ካርድ ላይ «አር ቪ አይ» እያልን ስንጽፍ አልኖርንም? ካርዱን ይዞ የሚሄደው ተላላኪ እንዳያነበው ብለን ነው። ሐኪም ሲራራ ኮዱ ይደበዝዛል። እናንተ የምትፈልጉት ያንን የደበዘዘውን ነው። ግን «ኢ34.9» ብቻውን ያለበትን ሰው ሁሉ አትሰብስቡ። አብዛኞቹ ከጉዳዩ ጋር ምንም አያገናኛቸውም።

4. ሐኪሙ የጻፈውን ፈልጉ፤ በቃላት

ኮድ ያላያቸውን የሐኪሙ ማስታወሻ ያያቸዋል። እዚህ ጋ ነው ተማሪዬ የወደቀው። «ትራንስ» ብሎ ፈልጎ ግማሽ ሆስፒታል ይዞ መጣ። ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረው «ትራንስፈር»፣ ደም የተሰጠው «ትራንስፊውዥን»፣ ኩላሊት የተተካለት «ትራንስፕላንት»፣ ሁሉም ገባለት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሙሉ ቃሉን ፈልጉ። ምህጻረ ቃል ላይ ተጠንቀቁ። «ቲጂ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ «ቲጂ» ማለት ትራይግሊሰራይድ ነው፤ የደም ቅባት። ቃሉ ሲገኝ ግራና ቀኝ ያሉትን ዓሥር ዓሥር ቃላት አብራችሁ አውጡና አንብቡ። ሦስት ወጥመድ አለ።

አንዱ ዘመድ ነው። «ልጇ ትራንስጀንደር ስለሆነች ተጨንቃለች» የሚለው ማስታወሻ የተጻፈው በእናትየዋ ካርድ ላይ ነው። ሁለተኛው አሉታ ነው። «አይደለሁም ብሏል» የሚለውም ቃሉን ይዟል። ሦስተኛው ሁሉም ታካሚ ላይ የሚለጠፍ ዝግጁ ቅጽ ነው። በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ላይ ካያችሁ ቅጽ ነው፤ ጣሉት።

«እሱ» እና «እሷ» መቀላቀላቸውንም እንደ ምልክት አትውሰዱ። በድካም ሌሊት የጻፈ ሐኪም፣ ከሌላ ማስታወሻ የቀዳ ሐኪም፣ ሁሉም ይቀላቅላል።

5. መድኃኒት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

ኢስትራዳዮልን (የኢስትሮጅን ዓይነት ነው) ያረጡ ሴቶችም ይወስዱታል። ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ሰውነታቸው በቂ ለማያመርት ወንዶችም ይታዘዛል። የወንድ ሆርሞንን ሥራ ለማገድ የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶንም ለልብ ድካም እና ለደም ግፊት የሚታዘዝ የተለመደ ኪኒን ነው። ስለዚህ መድኃኒትን ብቻውን መነሻ አታድርጉ። ኮድ ወይም ቃል ካለ በኋላ ግን ማጠናከሪያ ይሆናል። መዝገቡ ላይ ወንድ የተባለ ሰው ኢስትሮጅን ሲወስድም ወዲያው አትደምድሙ። መጀመሪያ የፕሮስቴት ካንሰር አለበት ወይ ብላችሁ እዩ። ለእሱም ተሰጥቶ ያውቃል።

6. በወንፊት አበጥሩ፤ ከዚያ በዓይን አንብቡ

መጀመሪያ ሰፋ ባለ ሰፌድ አንሡ። ኮድ ወይም ቃል ያለውን ሁሉ። ቀጥሎ ሦስት ክምር አድርጉ። ሁለት የተለያየ ማስረጃ ያለው (ለምሳሌ ኮድና ቃል) አንድ ክምር። አንድ ጠንካራ ማስረጃ ብቻ ያለው ሌላ ክምር። የቀረው አጠራጣሪ።

አሜሪካ ውስጥ በካይዘር ፐርማነንቴ ታካሚዎች ላይ የተሠራው «ስትሮንግ» የተባለው ትልቅ ጥናት በመሠረቱ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ከኮድና ከቁልፍ ቃል ተነሥቶ ጽሑፉን እያነበበ አረጋገጠ።

ከዚያ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ፦ ማንበብ። ከየክምሩ በዕጣ አውጡ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳያይ፣ እያንዳንዱን መዝገብ ያንብቡና «ነው»፣ «አይደለም»፣ «አይታወቅም» ይበሉ። ሲለያዩ ሦስተኛ ሰው ይዳኝ። ምን ያህል እንደተስማሙ በካፓ (በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ በሚለካው ስሌት) አስሉና ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። እንበልና ከአንድ ክምር 200 አንብባችሁ 150ው ትክክል ሆኑ። የዚያ ክምር ትክክለኛነት 75 በመቶ ነው ማለት ነው። 75 ይበቃል ወይ? እንደ ጥያቄያችሁ ነው። የደም መርጋትን የምታጠኑ ከሆነ ከአራቱ አንዱ የሌላ ሰው መሆኑ ውጤቱን ያደበዝዘዋል። እኔ ብሆን ያንን ክምር ከዋናው ትንተና አወጣዋለሁ፤ ለብቻው እሠራዋለሁ።

ያልተመረጡትንም አንብቡ። ጥቂት ዕጣ ከዚያም አውጡ። ሰፌዱ ምን እንዳፈሰሰ የሚታወቀው መሬት ሲታይ ነው። ጉዳዩ ግን ብርቅ ስለሆነ በጥቂት ዕጣ አንድም ላታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ «ምንም አላመለጠኝም» ብላችሁ አትጻፉ።

7. አቅጣጫውን ለይታችሁ ያዙ

ሲወለድ ወንድ ተብሎ ወደ ሴት የሄደ፣ ወይስ በተቃራኒው? ይህን ከፆታ ዓምዱ አትውሰዱ። ዓምዱ ከመቀየሩ በፊት ያለውን ይሁን በኋላ ያለውን እንደሚያሳይ አታውቁም። ከማስታወሻው፣ ከሆርሞኑ፣ ከአካል ክፍሉ (ማህፀን፣ ፕሮስቴት) አያይዛችሁ ለዩ። ካልተለየ «አልተለየም» ተብሎ ይቀመጥ።

ላቦራቶሪ ላይም ይነካችኋል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የደም ማነስ የሚባለው ሄሞግሎቢን (በዴሲሊትር ደም ውስጥ በግራም) ለአዋቂ ወንድ ከ13 በታች፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ሲሆን ነው። 12.5 ያለው ሰው በአንዱ ዓምድ ታማሚ፣ በሌላው ጤነኛ ነው። የኩላሊት ሥራ የሚሰላበት ቀመርም ፆታን ያስገባል። ኮምፒውተሩ ያወጣውን «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ትታችሁ ጥሬ ቁጥሩን ያዙ።

8. ያገኛችሁትን ደብቁ

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት የሥጋ ደዌ ታካሚዎችን ከካርድ ሰብስቤ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ፆታ። ስም የለበትም። በጣም ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ነበር። ስብሰባ ላይ በፕሮጀክተር አወጣሁት። አንድ ቀበሌ ላይ «1» የሚል ቁጥር ነበረ፤ ሴት፣ 34 ዓመት። ከኋላ የተቀመጠች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለጎረቤቷ «ይቺማ የእገሌ ሚስት ናት» አለች። ሰማኋት። ክፍሉም ሰማ። ሠንጠረዡን ዘጋሁት፤ ግን የተነገረ ተነገረ። ሴትየዋ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ወይም ታውቅ ይሆናል።

አሠራራችሁ በጎበዘ ቁጥር ያገኛችሁት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ 18 ዓይነት መለያ ከወጣ ዳታው ስም አልባ ነው ይላል። ከ89 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜው እንኳ በቁጥር አይወጣም። የመንግሥት የጤና መድኅን ዳታቸውን የምትጠቀሙ ከሆነ ከ11 በታች የሆነ ቁጥር በሠንጠረዥ አታወጡም። እናንተ ይህን ልማድ ለማንኛውም ዳታ ያዙት። ድምር ከታች ካለ ደግሞ ሁለት የሠንጠረዥ ሳጥን ሸፍኑ፤ አንድ ብቻ ከሸፈናችሁ አንባቢው ቀንሶ ያገኘዋል።

የሐኪሙ ማስታወሻ ከሰርቨሩ አይወጣም። ምሳሌ ጥቅስ አድርጋችሁ ወረቀታችሁ ላይ አትለጥፉት። ስታነቡ «ነው» እና «አይደለም» ብቻ ይዛችሁ ውጡ። የተገኙት ሰዎች ዝርዝር ከሌላ ዳታ ጋር እንዳይገጣጠም ቁጥራቸውን በአዲስ ቁጥር ቀይሩ።

ለምን ወሎ ካርድ ላይ አትሞክሩት አልኩ?

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ግብረ ሥጋን ያስቀጣል። ትራንስጀንደር መሆን ሌላ ነገር ነው ብያለሁ፤ ግን መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ይህን ልዩነት ቆሞ አይሰማችሁም። ጎረቤትም፣ አክስትም፣ አከራይም እንዲሁ። እዚህ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢሠራ ለሕክምና የሚያመጣው ነገር የለም፤ የስም ዝርዝር ብቻ ነው የሚሆነው። የስም ዝርዝር ደግሞ እግር አለው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። ግን አዋጁ ባይኖርስ? ታካሚው ለሐኪሙ የነገረው ለሐኪሙ ነው።

ሙያው ግን እዚሁ ሥራ አለው። በመደንዘዝ «የነርቭ ሕመም» ተብሎ የተመዘገበ የሥጋ ደዌ አለ። «የሽንት ችግር» ተብሎ የተጻፈ ፊስቱላ አለ። እግሩ ያበጠ ገበሬ «የእግር ሕመም» ተብሎ ዘንድሮም ተመልሷል። እነዚህን ከኮድ፣ ከቃልና ከመድኃኒት አጣምሮ መፈለግ፣ በሁለት ሰው ማስነበብ፣ ትንሽ ቁጥር መሸፈን፣ ያው ነው። አንድ የእኛ ጣጣ ብቻ ጨምሩበት። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ የወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ካርድ ሲጠፋ በዕጣ አይደለም የሚጠፋው። የየትኛው ክፍል፣ የየትኛው ዓመት እንደጎደለ ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

ተማሪዬ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ሰፌዱንም ንባቡንም ጨርሷል። ፊቱ በርቷል።

«ጋሼ፣ ሠንጠረዡን ላሳይህ። ፎቶ ኮፒ ቤት ላወጣው ስሄድ ነው ያገኘሁህ» ብሎ ፍላሹን ከኪሱ አወጣ።

«ፎቶ ኮፒ ቤት?»

«አዎ። ፍላሹን ሰክተው...»

«ሠንጠረዡ ላይ ከ11 በታች የሆነ ቁጥር አለ?»

ዝም አለ። ፍላሹን ወደ ኪሱ መለሰው። ሻዩን ሳይጨርስ ላፕቶፑ ወዳለበት ሄደ።